አሥራ ሁለት ትሪ ችግኝ

ታላቅ እህታችንን ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። ወንድሜ እታለም ይላታል፣ ትንሿ እህቴ እታለም ትላታለች፣ ሁለቱ ሴት ልጆቼም አክስታቸው መሆኗን ረስተው እታለም ይሏታል። የምትሠራበት ሆስፒታል ዘበኛ እንኳ፣ በዕድሜ አባቷ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ሆነው ሳለ፣ «እታለም ገብታለች ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሌላ ስም እንዳላት ትዝ የሚለኝ መታወቂያዋን ላሳድስላት ፎርም ስሞላ ብቻ ነው። ፎርም መሙላት የእኔ ሥራ ነው፤ በከተማው ሌላኛ ጫፍ ባለ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ። በቤታችን የእኔ ድርሻ ይኸው ነው፣ ፎርም። ሌላው ሁሉ የእሷ ነው። ባለፈው ጸደይ ከዚህ ሁሉ ወጥታ የምትሄድበት አንድ በር ተከፍቶላት ነበር። በሩ ላይ የቆምኩባት እኔ ነኝ።

ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሃያ ስምንቱን የበላው የሆስፒታሉ ስፌት ክፍል ነው። የተቀደደ አንሶላ ትጥፋለች፣ የሐኪሞች ጋውን ትሰፋለች፣ የበሽተኛ ፒጃማ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ያለችው አንዲት መስኮት ከግቢው መሬት እኩል ስለሆነች፣ ተቀምጣ የሚታያት የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ከዘመን ብዛት ሰውን በጫማው መለየት ለምዳለች። ማታ ስንገናኝ «ዛሬ የአጥንት ሐኪሙ አኩርፏል፣ መሬቱን በተረከዙ እየደበደበ ነው የሄደው» ትለናለች። እኛ እንስቃለን። አንድ ሰው ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከጉልበት በላይ ሰው ሳያይ መዋሉ የሚያስቅ ነገር እንዳልሆነ ለማሰብ ማናችንም ጊዜ አላገኘንም።

እናታችን የሞተችው እታለም አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ሄዷል፤ ወዴት እንደሄደ እንኳ ሳይነግረን። እኔ አሥራ አንድ ነበርኩ፣ ወንድሜ ሰባት፣ ትንሿ ሁለት። ወንድሜ ዛሬ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቶሎ ስለሚነድና ቶሎ ስለሚጠፋ ፊውዝ እንለዋለን። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፣ እስከ ዛሬ ከእታለም ጋር ይኖራል፣ ካልሲው ሲጠፋበት የሚጠይቀው እሷን ነው። ትንሿ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ባል አግብታ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነጭ ካፖርት ለብሳ ሰው እያዘዘች፣ እኛ ቤት ስትገባ ግን ገና ሚጣ ናት።

እኔስ ብትሉ፣ ከሁሉም የባስኩት እኔ ነኝ። ልጆቼን ከትምህርት ቤት የምታመጣልኝ፣ መክሰስ የምታበላልኝ፣ የቤት ሥራ የምታሠራልኝ እታለም ናት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከስፌት ክፍሉ ትወጣና በዚያው ትወስዳቸዋለች፤ እኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጥቼ የጠገቡ፣ የታጠቡ፣ ትምህርታቸውን የጨረሱ ልጆች እረከባለሁ። የራስዋ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእሷ የተተረተ ይመስለኛል። ያም ሆኖ ማሰሮውን የጣድኩባት እኔው ራሴ ነኝ።

ጓሮውን የቆፈረችው እናታችን ከሞተች በኋላ በመጣው ጸደይ ነው። አበባ አምሯት አይደለም፣ እኛን ልታበላ ነው። በኋላ ግን ወደደችው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲሞቅ አንድ እሁድ ሁላችንንም ትጠራለች። የቤተሰብ ቀን ይባላል እንጂ እውነቱን ለመናገር የእኛ መዝናኛ ለእሷ ሥራ ነው። ፊውዝ አንድ መደብ ይቆፍርና «ወገቤን» ብሎ ይቀመጣል። ሚጣ ጥፍሯን ተቀብታ ትመጣለች። ባሏ ያልቆፈረው ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ልጆቼ ትል ባገኙ ቁጥር ይጮሃሉ። እኔ እየዞርኩ አስተያየት እሰጣለሁ። በማግስቱ እታለም ከሥራ መልስ ብቻዋን ጓሮ ትወርድና አጣመን የተከልነውን ታቃናለች፣ አጥልቀን የቀበርነውን አውጥታ እንደገና ትዘራለች። ይህን የነገረችን እሷ አይደለችም፤ ልጆቼ ናቸው።

የአትክልት ነገር ሲነሳ ግን እታለም ሌላ ሰው ትሆናለች። ድምፅዋ ራሱ ይለወጣል። ለመቆፈር አትቸኩሉ ትላለች፤ አፈሩን ጨብጣችሁ ስትለቁት እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ገና ነው፣ ከተፈረካከሰ ደርሷል። ባቄላ ከመዘራቱ በፊት አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ይደር። ካሮት ሲበቅል ማሳሳት ነው፤ ለመንቀል እጁ የሚሳሳ ሰው የክር ያህል ካሮት ይበላል። ቲማቲም ሲተከል እስከ መጀመሪያው ቅጠሉ ድረስ ይቀበር፣ ግንዱ ራሱ ሥር ያወጣል። ውሃ በጠዋት ወይ አመሻሽ ላይ ነው፤ እሱም ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ከታችሁ ደርቆ ስታገኙት እንጂ ስላሰኛችሁ አይደለም። ሥሩን አጠጡ፣ ቅጠሉን ተዉት። እኛ «እሺ እታለም» እንላለን። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ችግኟን የምታፈላው ሆስፒታሉ የሚጥለውን ባዶ የግሉኮስ ፕላስቲክ አጥባ፣ ከወገቡ ቆርጣ ነው። ፊውዝ «የእኛ ቲማቲም በግሉኮስ ስለሚያድግ ነው የሚወፍረው» ይላል። ፕላስቲኮቹን ያረጁ የምግብ ትሪዎች ላይ ትደረድራቸዋለች፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ትሪ። የትኛው ምን እንደሆነ የምትለየው እንደ ሰፊነቷ በክር ነው፤ ቀይ ክር የታሰረበት ቲማቲም፣ አረንጓዴው ጎመን፣ ቢጫው ቃሪያ፣ ነጩ ሰላጣ።

ከሁሉም በላይ የምትጠነቀቅለት ግን ፀሐይ ማለማመድ የምትለው ነገር ነው። በረንዳ ላይ ጥላ ስር የፈላ ችግኝ በአንድ ቀን ሜዳ ላይ ከወጣ ይመታል፣ ይተኛል፣ አብዛኛውን ጊዜም አይነሳም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የጠዋት ፀሐይ አንድ ሰዓት ሞቆ ይገባል፣ በማግስቱ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ሦስት፣ እንዲህ እያለ በአሥረኛው ቀን ውጭ ያድራል። በየጸደዩ ለአሥር ቀን አሥራ ሁለቱን ትሪ ታወጣለች፣ ታስገባለች። ወገቧን የጨረሰው ስፌቱ ይሁን ትሪው እንጃ። እኛን ግን በጥላዋ ስር አሳደገችን እንጂ ፀሐዩን አላለማመደችንም። ይህ የታየኝ ዘግይቶ ነው።

አንድ ረቡዕ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ልጆቼን ልወስድ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር፣ መጋረጃው ወርዷል። እታለም እጇ አፈር ስለነካ ስልኩን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። የምታነጋግራት ድሮ አብራት ትሰፋ የነበረች ጓደኛዋን ነው፤ ሐይቅ ዳር ወዳለ ሞቃት ከተማ ሄዳ የችግኝ ጣቢያ ከፍታለች። እጄን ወደ መጋረጃው ዘርግቼ ሳለ የጓደኛዋ ድምፅ አስቆመኝ።

«እኔ መሸጡን እንጂ ማፍላቱን አልቻልኩበትም፣ በእጄ ላይ እያለቀ ነው» ትላለች። «አንቺ ነሽ የምትችይው። ኃላፊ ሆነሽ ነው የምትመጪው። መኖሪያ ክፍልም አለ፣ መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው። ከጉልበት በላይ ሰው ታያለሽ።»

እታለም ሳቀች። ያንን ሳቅ አላውቀውም፤ የልጅ ሳቅ ነበር። «ልጆቹስ?» አለች።

«የትኞቹ ልጆች? ፊውዝ ጢሙ ሸብቶ የለም እንዴ?»

«እስቲ ላማክራቸው» አለች እታለም። ቀጥላም፣ «እኔ እንኳ ደስ ይለኛል» አለች።

በሕይወቷ ደስ ይለኛል ስትል የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ግን መጋረጃው ጀርባ ቆሜ የማስበው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቼን ማን እንደሚያመጣልኝ ነበር። ላሳምረው ብል የማያምር ነገር ነው። ቀሪውን ሳልሰማ በጣቴ እየተራመድኩ ተመለስኩ፣ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄጄ ዞርኩ፣ ከዚያም «ልጆች፣ መጣሁ» እያልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እታለም በዘዴ ታንኳኳ ጀመር። ዓርብ ዕለት ጎመን እየከተፈች «ልጆቹን የሚያመጣልሽ ሰው ብታጪ ምን ታደርጊ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «አንቺ እያለሽልኝ ምን አስቤ» አልኳት እየሳቅኩ። ማክሰኞ ዕለት ሐይቅ ዳር ሄጄ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ትንኙ አያስተኛም ሲሉ እሰማለሁ አልኳት። ፊውዝንም ወጥ ቤት ጠርታ ምግብ ማብሰል ልታስተምረው ብትሞክር «ምነው፣ ምግብ ቤቶች ሁሉ ተዘጉ እንዴ?» ብሎ ወጣ። ፊውዝ ምንም አያውቅም ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይኼ ነው። አንድ ቃል ከአፌ ብትወጣ እታለም እንደምትሄድ ስለገባኝ ቃሏን ዋጥኳት፣ ለራሴም «እሷ ካልነገረችን እኛ ምን አገባን» እያልኩ ሰነበትኩ።

የጓሮው እሁድ ደረሰ። ስንመጣ እታለም ግድግዳው ስር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አገኘናት። አልተነሳችም። «ዛሬ እናንተ ሥሩ፣ እኔ እነግራችኋለሁ» አለች። ፊውዝ እታለም ሹመት አገኘች ብሎ ቀለደ፣ ሁሉም ሳቀ። ሌላ ዓመት ችግኙን ቀድማ አለማምዳ ትጠብቀን ነበር፤ ዘንድሮ ገና አልጀመረችም። «ዛሬ የመጀመሪያ ቀናቸው ነው። አውጧቸውና አንድ ሰዓት ሞቀው ይግቡ» አለች። አራት ሰዓት ላይ ፊውዝና የሚጣ ባል አሥራ ሁለቱን ትሪ አውጥተው አጥሩ ስር ደረደሯቸው። አንድ ሰዓት መባሉን ሁላችንም ሰማን። ሁላችንም እሺ አልን።

የዚያን ቀን ሥራ እንደ ወትሮው አልነበረም። እታለም በጣቷ እያመለከተች ፊውዝን ሦስት መደብ አስቆፈረችው፤ ሚጣ ጫማዋን አውልቃ ኩበት ከአፈር ጋር ቀላቀለች፤ ልጆቼ የካሮት ዘር እንደ ጨው ነሰነሱና እንደገና እንዲያሳሱ ታዘዙ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አስተያየት መስጠት ትቼ ባቄላ ተከልኩ። እጄ ግን ይሥራ እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። ልትሄድ ነው እያልኩ ነበር በሆዴ፤ እያስተማረችን ነው፣ እያስረከበችን ነው። ተናደድኩባት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ተሸክማን ስታበቃ አሁን ልታወርደን ነው ብዬ ተናደድኩባት። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ተቀመጥን። ዳቦ፣ ቅቅል ድንችና እንቁላል ነበር። ደክሞን ስለነበር ጣፈጠን፣ ጨዋታውም ደራ። የሚጣ ባል ፊውዝ ሲቆፍር ያነሳውን ቪዲዮ አሳየን፤ ፊውዝ ቪዲዮው ላይ ከሚቆፍረው የሚያለከልከው ይበልጣል። በሳቅ ፈረስን። እታለምም ፈገግ አለች፣ ዓይኗ ግን እኛ ላይ አልነበረም። በእኛ ራስ ላይ አሻግራ አጥሩን ታያለች፣ ወደ ሳህኗ ትመለሳለች፣ እንደገና አጥሩን ታያለች። ዓይኗን ተከትዬ ዞርኩ። ሰባት ሰዓት አልፏል። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። አሥራ ሁለቱም ትሪ እዚያው ፀሐይ ላይ ነው፤ ችግኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ተኝተዋል።

«ትሪዎቹ» አልኩ።

ሁሉም ብድግ አለ፣ ወዲያው ጣት መቀሳሰር ተጀመረ። ፊውዝ «አውጣ ተባልኩ አወጣሁ፣ አስገባ ያለኝ የለም» አለ። ሚጣ ባሏን ተቆጣች፣ ባሏ ፊውዝን አየ፣ ፊውዝ ልጆቼን አየ። እታለም ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች፣ ሄዳ አንዱን ትሪ አነሳች፣ ወደ በረንዳው ይዛው ሄደች። እነሱ ገና ይጨቃጨቃሉ። እኔ ባዶ እጄን ተከተልኳት።

በረንዳው ጥላ ነው፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ትሪውን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ በኩባያ ውሃ እየቀዳች እያንዳንዱ ሥር ላይ በቀስታ ታፈስ ጀመር። ይድኑ እንደሆነ ጠየቅኳት። ምናልባት ግማሹ አለችኝ፤ ቃሪያው ይበረታል፣ ሰላጣው ግን አብቅቶለታል።

«አይተሻቸው ነበር አይደል?»

«ከአምስት ሰዓት ጀምሮ እያየኋቸው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«አንድ ሰው ሳይነገረው ይነሳ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አለች። በንዴት አልነበረም። እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው፣ ውሃዋንም ማፍሰሷን አላቋረጠች።

አሥራ አንድ ቀን የዋጥኩት ነገር ራሱ ወጣ። «እታለም፣ ሂጂ» አልኳት። «ሐይቁ ዳር ሂጂ። የልጆቼን ነገር እኔ አውቃለሁ፣ ሰው እፈልጋለሁ። ፊውዝም ካልሲውን ይፈልግ። ሂጂ በቃ።»

ከማን ሰማሽ አላለችኝም። የያዘችውን ኩባያ ጨርሳ አፈሰሰች። «ሐሙስ ነበር ቀጠሮው» አለች። «እስከ ሐሙስ ቁርጡን ንገሪኝ ብላኝ ነበር። ደወልኩላት።»

«ምን አልሻት?»

«ልጆቼ ገና አልለመዱም አልኳት።»

ደግማ እንድትደውል፣ ሐሳቤን ቀየርኩ እንድትላት ለመንኳት። ሌላ ሰው ተገኝቷል አለችኝ፤ ወጣት ናት አሉ፣ ጉልበቷም ደህና ነው፣ ነገ ትጀምራለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ታዲያ ዛሬ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ስታዢን ልታስረክቢን አልነበረም ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ደክሞኝ ነው» አለች።

እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ ደግሞ ከጥፋቴ ሁሉ የባሰውን ሠራሁ፤ ልወቅሳት ዳዳኝ። «ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ እምቢ አልልሽም ነበር» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «መጋረጃው ስር ጫማሽን አይቼዋለሁ» አለች። «ቡናማው፣ ግራው ተረከዙ የተበላው። ስልኩን ስዘጋ አልነበርሽም፣ ከዚያ እየጮህሽ መጣሽ። መስማትሽን አውቄያለሁ። ስምንት ቀን ጠበቅኩሽ።»

እዚያው ቆሜ ጫማዬን አየሁ፤ ያው ቡናማው ነበር፣ አፈር ይዟል። ከጓሮው የፊውዝ ድምፅ «እታለም፣ መኮትኮቻውን የት ላስቀምጠው?» ብሎ ተጣራ። ልጆቼም እታለም እያሉ ይጣራሉ፣ ሚጣም ትጣራለች። እታለም እንደ ልማዷ «መጣሁ» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ወደ አጥሩ ሄደች፣ ሁለተኛውን ትሪ አንስታ መጣች፣ በረንዳው ደረጃ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

«ይቺን ያዥልኝ» አለች፣ «እጄ ዝሏል።»

ተቀበልኳት። እርጥብ አፈር የሞላ ትሪ ይከብዳል። እስከዚያ ቀን ድረስ አንስቼው አላውቅም ነበር።